አማርኛ ፊደል ብቻ ያንስብኛል፣ ብራውዘር ላይ እንዴት ላስተካክለው?

የሕግ ክፍሏ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ሳነብ ነው ቀኑ የሚመሽብኝ፣ አብዛኛውን ደግሞ ከስክሪን ላይ። ዕድሜዬ 46 ነው። የማንበቢያ መነጽር አለኝ፣ መጽሐፍ ሳነብ ምንም አላማርርም።

ችግሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ገጽ ስከፍት ተደላድዬ ተቀምጬ አነባለሁ። አማርኛ ሲሆን ግን ሳላውቀው አንገቴን ወደ ስክሪኑ አሰግጋለሁ፣ ማታ ትከሻዬ ድንጋይ ይሆናል። "ሉ"ንና "ሊ"ን የምትለያቸው ያቺ ከጎን የወጣች ጭረት ናት። መሃል ላይ ናት ወይስ ታች? ፊደሉ ሲያንስ ሁለቱም አንድ ይሆኑብኛል። በኔ ሥራ ደግሞ "ይከፍላል" እና "ይከፈላል" ተምታቱ ማለት ዕዳው የማን እንደሆነ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን አንቀጽ ደጋግሜ አነባለሁ።

ኮንትሮል ይዤ የመደመር ምልክቱን ስጫን ፊደሉ ያድጋል። ግን ፎቶውም፣ ማስታወቂያውም፣ ከላይ ያለው ሜኑም አብሮ አድጎ ስክሪኑን ይሞላውና ለጽሑፉ ቦታ አይተርፍም። ባልደረቦቼ "ትልቅ ስክሪን አስገዢ" ይሉኛል። እሱ በጀት ይጠይቃል። አማርኛውን ብቻ ከፍ አድርጎ ሌላውን እንዳለ የሚተው መንገድ የለም? ዊንዶውስ ነው የምጠቀመው፣ ክሮምም ፋየርፎክስም አለኝ።

አቤል 4 ኪሎ፦

ለጊዜው እንዲያግዝሽ፦ ኮንትሮል ይዘሽ የማውሱን ጎማ ብታሽከረክሪ ከፍና ዝቅ ይልልሻል። ኮንትሮልና ዜሮ ወደ 100 ፐርሰንት ይመልሰዋል። ክሮም መጠኑን በየድረ ገጹ ለየብቻ ስለሚያስታውስ የምታዘወትሪያቸውን አንዴ 125 ላይ ብትተዪያቸው በየቀኑ መነካካት አይኖርብሽም። አማርኛን ብቻ ስለመለየት ግን አላውቅም፣ እኔም መልሱን እጠብቃለሁ።

የቀበናው ልጅ፦

እህቴ፣ ደግ ጠየቅሽ። እኔ ሰፈር ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች ኮምፒውተር አስተምራለሁ፣ ይህንኑ ነገር ከብዙዎቹ እሰማዋለሁ። "ዓይኔ አለቀ" ብለው ማንበቡን እርግፍ አድርገው የሚተዉ አሉ፣ ያ በጣም ያሳዝነኛል። ጥፋቱ የዓይን ብቻ አይደለም። የብራውዘሮች መነሻ የፊደል መጠን 16 ፒክስል ነው፣ ብዙ ገጾች ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ወደ 14 ያወርዱታል። ለላቲን ፊደል 14 ይበቃ ይሆናል። "ሔ"ን ግን እያት፦ በዚያችው ቁመት ውስጥ ሦስት እግር ዘርግታ በቀኝ እግሯ ሥር ደግሞ ቀለበት መያዝ አለባት። ቀለበቷ ከተደፈነች ምኗ ይነበባል?

ለአንቺ ጉዳይ ፋየርፎክስ ከክሮም ይሻላል ባይ ነኝ። ፊደልን በፊደል ለይቶ ያስተካክላልና። ሴቲንግ ክፈቺና ጀነራል ውስጥ ፎንት የሚለው ጋ ውረጂ፣ ከዚያ አድቫንስድ የሚለውን ተጫኚ። ከሚመጣው መስኮት አናት ላይ የፊደሎች ዝርዝር አለ፦ ላቲን፣ አረብኛ፣ ግሪክ እያለ ይሄዳል። መሃል ላይ ኢትዮፒክ የሚል ታገኛለሽ። እሱን ምረጪና መጠኑን 20 አድርጊው። እዚያው ሚኒመም ፎንት ሳይዝ የሚል አለ፣ እሱን 18 ላይ አድርጊው። ዋናው ቁልፍ ይህ ሁለተኛው ነው። መነሻ መጠኑን ድረ ገጹ በራሱ ቁጥር ሊሽረው ይችላል፣ ከሚኒመሙ በታች ግን መውረድ አይችልም። ላቲኑን እንዳለ ተዪው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ፋየርፎክስ ገጹ አማርኛ መሆኑን የሚያውቀው ገጹ ራሱ ኮዱ ውስጥ ሲናገር ነው። ከላይ እስከ ታች አማርኛ ተጽፎባቸው ኮዳቸው "እንግሊዝኛ ነኝ" የሚል ገጾች አሉ። እነሱ ላይ ያስተካከልሽው ላይሠራ ይችላል። ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ ይቺን ነገር አትርሷት። አንድ መስመር እንኳ አትሞላም፣ ስንቱን አንባቢ ግን ታሳርፋለች።

እንዲህ ዓይነት ገጽ ሲያጋጥምሽ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ዙም ከሚለው ሥር "ዙም ቴክስት ኦንሊ" የሚለውን ምልክት አድርጊበት። ከዚያ በኋላ ኮንትሮልና መደመር ስትጫኚ ጽሑፉ ብቻ ያድጋል፣ ፎቶውና ማስታወቂያው ባሉበት ይቆያሉ። አንዳንድ ገጽ ላይ መስመሮች ሊደራረቡ ይችላሉ። ያኔ ኤፍ9ን ተጫኚ። ገጹ ለሪደር ቪው የሚመች ከሆነ ጽሑፉን ለብቻው አውጥቶ ያቀርብልሻል። እዚያ የፊደሉን መጠን ብቻ ሳይሆን በመስመርና በመስመር መካከል ያለውንም ክፍተት መጨመር ትችያለሽ። ለአማርኛ እኔ ክፍተቱን ሳላሰፋ አላነብም። ፊደሎቻችን ሁሉም ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገጹ ግድግዳ ይሆናል።

ክሮም ላይ ከቆየሽ ደግሞ ሴቲንግ፣ አፒራንስ፣ ከስተማይዝ ፎንትስ ውስጥ ሚኒመም ፎንት ሳይዝ አለ። እሱም ይሠራል፣ ግን አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም እኩል ነው የሚያሳድገው።

ሲስተር ከዓይን ክሊኒክ፦

የቀበናው ወንድሜ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ በሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይናችን ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርብ ነገር ላይ ማተኮር ይከብደዋል። ይህ በሁሉም ሰው ላይ የሚመጣ ነው። የማንበቢያ መነጽር ብዙውን ጊዜ የሚለካው ለመጽሐፍ ርቀት፣ ለ40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ደግሞ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ መነጽርሽ ለመጽሐፉ ልክ ሆኖ ለስክሪኑ ልክ ላይሆን ይችላል። አንገትሽን የምታሰግጊውም መነጽሩ ወደሚያየው ርቀት ለመድረስ ሊሆን ይችላል። እንደምትቀመጪው ሆነሽ ከዓይንሽ እስከ ስክሪኑ በሜትር አስለኪና ቁጥሩን ለሚመረምርሽ ባለሙያ ንገሪ። ብዙ ሰው ይህን ሳይናገር ነው መነጽር የሚያወጣው። ፊደሉን ማሳደጉንም አትተዪ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እናት ጓዳ፣ ዱባይ፦

እኔ ኮምፒውተር የለኝም፣ የማነበው በስልክ ነው፣ እሱም ማታ ከሥራ በኋላ። ለእንደኔ ዓይነቶቹ ልንገራችሁ። አንዳንድ የአማርኛ ገጽ በሁለት ጣት ሲከፍቱት አልጎላም ይላል፣ ሠሪዎቹ ዘግተውት ነው። ሰው እንዳያነብ ለምን እንደሚዘጉ አይገባኝም። አንድሮይድ ላይ ክሮም ከሆነ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ ሴቲንግ፣ ከዚያ አክሰሲቢሊቲ ግቡ። "ፎርስ ኢኔብል ዙም" የሚለውን አብሩት። ገጹ ቢከለክልም ይጎላላችኋል። እዚያው ጽሑፉን በሙሉ ከፍ የሚያደርግ መስመርም አለ። እህቴ መጥታ ካበራችልኝ ወዲህ የሀገር ቤት ዜና ሳላነብ አልተኛም።

የሕግ ክፍሏ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ኢትዮፒኩን 20፣ ሚኒመሙን 18 አደረግሁት። "ሉ" እና "ሊ" ከወንበሬ ሳልነቃነቅ ተለዩልኝ! ሲስተር፣ ርቀቱን አስለካሁት፣ 68 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀጠሮ ይዣለሁ።

አሁን የቀረኝ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ፒዲኤፍ ስለሆነ ያስተካከልኩት ነገር አይነካውም። የቀበናው ልጅ፣ ለእሱስ ምን ትለኛለህ?

የቀበናው ልጅ፦

ደስ አለኝ እህቴ። ፒዲኤፍ ውስጥ ፊደሉ እንደ ታተመ ወረቀት ቦታው ላይ ስለተቀመጠ የብራውዘሩ ማስተካከያ አይደርስበትም፣ ያለው መንገድ ገጹን ማጉላት ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ ሁለት ዓምድ አለው፣ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ። ስለዚህ በገጹ ስፋት አትክፈቺው። የአማርኛው ዓምድ ብቻ ስክሪኑን ከግራ እስከ ቀኝ እስኪሞላ ድረስ አጉዪው፣ እንግሊዝኛው ከዳር ይውጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ጎን መሄድ ሳያስፈልግሽ ወደ ታች ብቻ ትወርጃለሽ።

ስታጎዪው ፊደሉ ከጠራ ጥሩ ነው። ከደበዘዘ ግን ወረቀቱ በስካነር ተነሥቶ የገባ ነው፣ ያኔ ከተወሰነ በላይ ማጉላቱ አይረዳም፣ ለዚያ ገጽ ወረቀቱን ብታትሚው ይሻላል። ጽሑፉን ገልብጬ ወርድ ላይ ላሳድገው ካልሽ መጀመሪያ አንድ መስመር ሞክሪ። የቆዩት ሰነዶች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ስለሆኑ ሲገለበጡ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናሉ። መስመሩ በአማርኛ ከመጣልሽ ሙሉውን ገልብጪና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በሚባለው ፎንት በ16 ነጥብ አንብቢው። ፎንቱ በነጻ ይወርዳል። ለሕግ ሥራ ስትጠቅሺ ግን ምንጊዜም ከዋናው ፒዲኤፍ ጋር አመሳክሪ።