ማይነስ 7 ነኝ፣ ምን ዓይነት ፍሬምና ሌንስ ልዘዝ?

ምህረት_አዲስ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ እንደው መነጽር የምታደርጉ ወይ ሙያው ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ እርዱኝ። ሁለቱም ዓይኔ ማይነስ 7 ነው፣ ግራው ላይ ትንሽ አስቲግማቲዝምም (የዓይኑ ጉብታ እኩል አለመሆን) አለ። አሁን የማደርገው ፍሬሙ ትልቅ ነው፣ ሌንሱ ከጎን ሲታይ ከፍሬሙ ወጥቶ ነው የሚታየው፣ ከባድ ስለሆነም አፍንጫዬ ላይ ቀይ ምልክት ይተዋል፣ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ስገፋው ነው የምውለው፣ ማታ ማታ ደግሞ ግንባሬን ያመኛል። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ኦንላይን አዝዤ በሰው እልክልሻለሁ ብላኛለች ግን ሌንሱ በቅጥነቱ 1.50፣ 1.60፣ 1.67፣ 1.74 እያለ ይሄዳል ዋጋውም እንደዛው እየጨመረ ነው። የመጨረሻውን ቀጭን ልውሰድ? ብሉ ከት የሚሉት ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክለውስ ይጠቅማል? ፍሬሙንስ ሳልሞክረው ልኬ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የወደድኩት ላይ 56-17 ይላል።

ቢኒ፦
እኔ ማይነስ 5 ነኝ፣ 1.67 ነው የማደርገው በጣም ተመችቶኛል። አንቺ 7 ከሆንሽ 1.74 ውሰጂ ባይ ነኝ፣ ዓይን ላይ ብር አይቆጠብም። ሪምለስ (ዙሪያው ፍሬም የሌለው) ግን እንዳታዢ፣ ጠርዙ ምንም የሚሸፍነው ነገር የለም።

ኦፕቶ_ጎንደር፦
ሰላም ምህረት፣ ሙያዬ ኦፕቶሜትሪ ነው። ቢኒ ስለ ሪምለስ ያለው ልክ ነው፣ 1.74 ላይ ግን ቆይ እስቲ፣ ከሌንሱ በፊት መወሰን ያለበት ፍሬሙ ነው። የማይነስ ሌንስ መሃሉ ስስ ሆኖ ወደ ጠርዙ እየወፈረ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ፍሬሙ በሰፋ ቁጥር ወፍራሙን ክፍል ይዞ ይቀራል። 56-17 ማለት የአንዱ ሌንስ ስፋት 56 ሚሊ፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ድልድይ 17 ሚሊ ነው፣ ደምሪው 73 ይመጣል። ይሄን ከፒዲሽ ጋር አስተያዪው፣ ፒዲ ማለት ከአንዱ ብሌንሽ መሃል እስከ ሌላኛው መሃል ያለው ርቀት ነው። 61 ቢሆን ልዩነቱ 12 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ የእያንዳንዱ ሌንስ ማዕከል 6 ሚሊ ወደ አፍንጫ መጠጋት አለበት፣ በጆሮ በኩል ያለው ወፍራም ጠርዝ ሁሉ ይተርፋል ማለት ነው። በግምት ሳሰላው በዚህ ፍሬም 1.67 ብታዢ እንኳ በጆሮ በኩል ያለው ጠርዝ ከ7 ሚሊ ያልፋል፣ 46-18 በሆነ ትንሽ ፍሬም ግን ተራው 1.50 ራሱ 6 ሚሊ አካባቢ ነው የሚሆነው። ርካሹ ሌንስ ከውዱ ቀጠነ!

ግንባሬን ያመኛል ያልሽው ደግሞ አሳስቦኛል። የሌንሱ ማዕከል ብሌንሽ ፊት ካልሆነ ሌንሱ እንደ ፕሪዝም ብርሃኑን ያጣምመዋል። በማይነስ 7 የሁለቱ ማዕከል ርቀት ከፒዲሽ 5 ሚሊ ቢበልጥ 3.5 ፕሪዝም ይሆናል፣ ዓይኖችሽ ያንን ለማስተካከል ቀኑን ሙሉ ወደ ውጭ መሳብ አለባቸው፣ ይሄ ደግሞ ዓይን እምብዛም የማይችለው ሥራ ነው። አሁን ያለሽን መነጽር ቅርብሽ ያለ መነጽር ቤት ወስደሽ በሌንሶሜትር (በሌንስ መለኪያ መሣሪያ) ማዕከሉን አውጡልኝ በያቸው፣ ብዙ ሰዓት አይፈጅም፣ ፒዲሽንም እዚያው ይለኩልሽ፣ የቀኙና የግራው ለየብቻ ቢጻፍ ይመረጣል ምክንያቱም የብዙ ሰው ሁለቱ ጎን እኩል አይደለም።

ለሌንሱ እኔ ብሆን ትንሽ ፍሬም ላይ 1.60 ነበር የማዘው። 1.67ም 1.74ም ፖሊካርቦኔት የሚባለው የፕላስቲክ ሌንስም ብርሃንን ወደ ቀለም የመበተን ጸባይ አላቸው፣ በሌንሱ ዳር በኩል ስታዪ የመብራትና የጽሑፍ ጠርዝ ላይ ሰማያዊና ቢጫ መስመር ይታያል፣ 1.60 ላይ ይሄ በጣም ይቀንሳል። አንቲ ሪፍሌክሽን (ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ) ግን በምንም አትለፊው፣ ማታ ለመኪና መብራት ያስፈልግሻል።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፦
ምህረትዬ እኔም ለእናቴ ከዚህ እያዘዝኩ ስለምልክ የማውቀውን ልንገርሽ። እዚህ አሜሪካ ሐኪሙ ምርመራው ሲያልቅ የመነጽሩን ወረቀት ሳትጠይቂው እንዲሰጥሽ ሕጉ ያስገድደዋል፣ ፒዲ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም፣ የእናቴም ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት ላይ አልነበረም። ስለዚህ እህትሽ ከማዘዟ በፊት ወረቀቱን በፎቶ ላኪላት፣ ሲሊንደሩን (የአስቲግማቲዝሙን ቁጥር) ከነምልክቱ አክሲሱንም (አቅጣጫውን) ከነቁጥሩ እንዳለ ትገልብጠው፣ አንዳንድ ሐኪም ሲሊንደሩን በፕላስ አንዳንዱ በማይነስ ስለሚጽፈው ምልክቱ ከተሳሳተ ሌንሱ ሌላ ነገር ይሆናል። ብሉ ከት ላይ ብርሽን አታውጪ፣ በ2023 (በፈረንጅ) የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ጥናት ተራ ሌንስ ካደረጉት ሰዎች ጋር ሲያነጻጽረው ኮምፒውተር ላይ ለሚደክም ዓይን ምንም ጥቅሙ አልታየም፣ የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም አይመክረውም። ፎቶክሮሚኩም (ፀሐይ ላይ የሚጠቁረው ሌንስ) ለሹፌር ብዙ አይረዳም፣ የመኪናው የፊት መስታወት ዩቪውን (የፀሐዩን አልትራቫዮሌት ጨረር) ስለሚይዘው ሌንሱ አይጠቁርም።

ምህረት_አዲስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ አስለካሁ፣ ፒዲዬ 61 ነው፣ የአሁኑ መነጽሬ ማዕከሉ 66 ላይ ነው አሉኝ 😳 ወንድሜ ኦፕቶ ያልከው ነው የሆነው። አሁን 46-19-140 የሚል ክብ ፍሬም አገኘሁ፣ አሲቴት (ፕላስቲክ) እና ሜታል አለው፣ የቱ ይሻላል? መንሸራተቱስ?

ኦፕቶ_ጎንደር፦
66 ከሆነ ሕመሙ ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ አዲሱን አድርገሽ ካልተወሽ ግን ዓይን ሐኪም ታዪ። 46-19 ጥሩ ነው፣ 65 ነው የሚመጣው፣ በየጎኑ 2 ሚሊ ብቻ ነው። ሆኖም የፍሬሙን ጠቅላላ ስፋት አሁን ካለሽ ጋር በማስመሪያ አስተያዪው፣ በጣም ከጠበበ ጆሮሽ ጋ ሳይደርስ ክንዱ የጭንቅላትሽን ጎን ይይዘውና መነጽሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ የሚንሸራተት መነጽር ሁሉ የሰፋ አይምሰልሽ። 140 የክንዱ ርዝመት ነው፣ ከጆሮ በላይ ተነስቶ ከጆሮ ጀርባ ቁልቁል መታጠፍ አለበት፣ መታጠፊያው ከጆሮሽ ርቆ ከሆነ ይንሸራተታል።

ከፊት አሲቴት ሆኖ በሜታል የተያያዘ ኖዝ ፓድ (አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ ማረፊያዎች) ያለው ካገኘሽ እሱን ውሰጂ፣ ወፍራሙ ፍሬም ጠርዙን ይደብቅልሻል፣ ኖዝ ፓዱ ደግሞ ለአፍንጫሽ ቅርጽ ይስተካከላል። ሙሉ አሲቴት ከሆነ አፍንጫ ላይ ያለው አይስተካከልም። መንሸራተቱ ለምን ግድ እንደሚለኝ ልንገርሽ፣ በማይነስ 7 መነጽሩ 5 ሚሊ ወደ ታች ሲወርድና ከዓይን ሲርቅ ቁጥሩ በሩብ ነጥብ (0.25) ያህል ይቀንሳል፣ ለዚህ ነው ስትገፊው የሚጠራልሽ።

ሲደርስሽ ቀጥታ እንዳታደርጊው፣ መነጽር ቤት ወስደሽ በሌንሶሜትር ቁጥሩንና ማዕከሉን አስፈትሺ፣ ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ እህትሽ ቶሎ ትመልሰው። ክንዱንም እዚያው በሙቅ አየር ያስተካክሉልሽ፣ ቤት ውስጥ በላይተር ወይ በፈላ ውሃ እንዳትሞክሪ፣ የሌንሱ ኮቲንግ ይሰነጠቃል። በሁለተኛው ሳምንት ኖዝ ፓዱን አንድ ጊዜ ደግመሽ አሳዪው።