የቲቢ ክኒን የጀመረው ወንድሜ ሽንቱ ቀላ፤ ያቁም ወይስ ይዋጥ?

የቤቱ ታላቅ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ ትናንት የቲቢ ክኒን ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ሽንቱ ቀልቶ ወጣ። እናቴ «ልጄ ደም ሸና!» ብላ ክኒኑን ደብቃዋለች። እሑድ ስለሆነ የቲቢ ክፍሉ ዝግ ነው። እስከ ነገ ይቆይ? ሳህንና ብርጭቆውን ለይተንለታል። ብርድ እንዳይመታው መስኮቱንም ዘግተናል።

መምህር፦ በመጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። ቲቢ በዘር አይመጣም፣ እርግማንም አይደለም። ባክቴሪያ ነው። ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው ያገኘው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው አክታውን ማስመርመር አለበት…

ጎረቤት፦ መምህር፣ ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ሽንት ነው።

አባ ገብስ፦ እኔ ቲቢ ነው ብዬ አላምንም። ብርድ ነው። ነጭ ሽንኩርት በማር ስጡት፣ ላብ ያውጣው።

ድኛለሁ፦ አባ ገብስ፣ ይቅርታዎትን፣ እኔም «ብርድ ነው» እየተባልኩ ሦስት ወር ሳልኩ። ማሩን ይብላ፣ ክኒኑን ግን አይተው። እህቴ፣ አትደንግጪ። እኔ ስጀምር ባለቤቴ ሽንት ቤት ገብቶ «ሚሪንዳ ማነው የደፋው?» ብሎ ጮኾ ነበር። የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ላቤ ሳይቀር የነጠላዬን ጠርዝ ብርቱካንማ አድርጎት ነበር።

ሚሚ፦ ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ነው የሚያቀላው። አያቁም።

ከሥራ ላይ፦ አያቁም። ቀለሙ የሪፋምፒሲን ነው።

ነርስ ነኝ፦ ቀለሙ ብርቱካንማ ነው ወይስ የረጋ ደም አለው? ዓይኑ ቢጫ ሆኗል? ያስታውከዋል? ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?

የቤቱ ታላቅ፦ ብርቱካንማ ነው። ዓይኑ ነጭ ነው፣ አያስታውከውም። የስኳር ክኒን ይወስዳል፣ ለካ አልነገርኳችሁም። ለሐኪሙም አልነገርነውም።

ነርስ ነኝ፦ ይሄ ነው ዋናው። የዛሬውን የቲቢ ክኒን አሁኑኑ ይዋጥ። ነገ ግን የስኳር ክኒኑን ከነማሸጊያው ይዞ ይሂድ። ሪፋምፒሲን የአንዳንዱን የስኳር መድኃኒት ጉልበት ይቀንሳል። ስኳሩን ይለካ። ዓይኑ ቢጫ ካለ ወይም ሆዱን እያመመው ካስታወከው ግን የቲቢ ክኒኑን አቁሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። መስኮቱን ክፈቱት! ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። ሳህኑን መለየት አያስፈልግም፤ ልቡን ብቻ ነው የሚሰብረው። ሕክምናው ነፃ ነው፣ 6 ወር ነው። ሳል ቶሎ ይተወዋል፤ ተሻለኝ ብሎ ካቋረጠ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ይከብዳል። ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ካለ ነገ አብራችሁ ውሰዱት፤ መከላከያ መድኃኒት አለ።

ሚሚ፦ አያቁም አልኩ እኮ!

ድኛለሁ፦ እናትሽን እኔ ላናግርልሽ? ስልክሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የእኔም እናት ክኒኑን ሽሮ ዕቃ ውስጥ ነበር የደበቀችው።

ነርስ ነኝ፦ የቤቱ ታላቅ፣ ዋጠ?

ድኛለሁ፦ እህቴ፣ ሰኞም አለፈ። ዋጠ? ስኳሩስ ስንት ሆነ?