ስለ ራሴ ራሴ ልናገር እፈልጋለሁ፤ ደብዳቤው ግን አልጻፍ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው። 27 ዓመቴ ነው፤ ኦቲዝም አለብኝ።

መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀን አይደል? አንድ መሥሪያ ቤት ለዕለቱ ስብሰባ አዘጋጅቷል። አስተባባሪው ቤታችን መጥቶ እማዬን "ስለ ልጅዎ ይናገሩልን" አላት። እኔ እዚያው ረከቦቱ ላይ ስኒ እየደረደርኩ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ። "እኔ ልናገር" ስለው ሳቀና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። መነካት አልወድም። ስኒዎቹን እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

እውነት ነው፣ ሰው ፊት ቃል ይጠፋኛል። ስጽፍ ግን ማን ያቆመኛል! ስለዚህ ጽሑፌን ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ፣ ጥያቄም በወረቀት እንዲመጣልኝ፣ የማይኩም ድምፅ እንዲቀነስ ልጠይቅ አስቤያለሁ። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 4 ላይ፣ እኛን በሚመለከት ውሳኔ እኛው እንድንማከር ይላል።

ችግሩ ደብዳቤው ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። አንዱ ልመና ይመስላል፣ ሌላው ክስ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፎ የሚያውቅ አለ? አንቀጹን ልጥቀስ ወይስ ሰውየውን ያስቀይመዋል? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እንደኔ ያለ አዋቂ ካለስ አብረን ብንፈርም? እማዬም እሺ ብላኛለች፤ "አንተ ከተናገርክ እኔ ቁጭ ብዬ ልስማ" ነው ያለችው።

"ጸልይ" ብቻ እንዳትሉኝ አደራ። በዚያ በኩል እማዬ አትታማም።