የኢሚግሬሽን ወኪል ከተኮሰ በኋላ የከተማው ፖሊስ ሥልጣን እስከ የት ነው?

እንግዳ_27

ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ስቴት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ በ2026 ጃንዋሪ 7 እና ጃንዋሪ 24 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የፌደራል ኢሚግሬሽን ወኪሎች ተኩሰው ሁለት ሰዎች ከሞቱ ወዲህ በየቤቱ ክርክሩ አልበረደም። ፖለቲካውን ለሌላ ገጽ እንተወውና የፖሊስን ሙያ ወይም ሕጉን የምታውቁ ሦስት ነገር አስረዱኝ። አንደኛ፣ በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ መተኮስን በተመለከተ ፖሊስ የሚሠለጥነው እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ ተኳሹ የፌደራል ሰው ሲሆን የከተማውና የስቴቱ ፖሊስ መመርመር ይችላል ወይስ አይችልም? ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ሲወጣ የከተማው ፖሊስ ለምን ፊቱን ወደ ሰልፈኛው አዙሮ ይቆማል? አስለቃሽ ጭሱስ መቼ ነው የሚፈቀደው?

ዘብ

ከመኪናው ልጀምር፤ ፖሊሶች ራሳቸው አጥብቀው የሚከራከሩት በእሱ ላይ ነው።

የኒውዮርክ ፖሊስ በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ መተኮስን የገደበው በ1972 ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ትልልቅ ከተሞች ተመሳሳይ መመሪያ አላቸው። ነገሩ ቀላል ስሌት ነው። ተራ የቤት መኪና ከ1,500 እስከ 2,000 ኪሎ ይመዝናል፤ የሽጉጥ ጥይት አያቆመውም። ጥይቱ ሾፌሩን ካገኘው ደግሞ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ እንደተጫነ ይቀርና መኪናው የሚመራው ሰው ሳይኖር የቆመ መኪና፣ ግንብ ወይም እግረኛ እስኪያገኝ ይነጉዳል።

ጊዜውንም አስቡት። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 4 ሜትር ይጓዛል። ሰው አደጋ አይቶ፣ ወስኖ፣ ጣቱን እስኪስብ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ያልፋል፤ መተኮስ ከጀመረ በኋላ ለማቆምም እንዲሁ ጊዜ ይወስድበታል። የመጀመሪያው ጥይት በፊት መስታወት ገብቶ ቀጣዮቹ በጎን መስኮት የሚገቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መርማሪዎችም እያንዳንዱን ጥይት ለየብቻ የሚመዝኑት ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ተገቢ ቢባል ሦስተኛው ላይባል ይችላል።

ስለዚህ ሥልጠናው የሚያተኩረው ከመተኮሱ በፊት ባለው አቋቋም ላይ ነው። በመኪናው ፊትም በኋላም አትቁም። ከኋላ በጎን በኩል ቅረብ፣ በፊትና በኋላ በሮች መካከል ካለው ምሰሶ አትለፍ። ሞተሩ ካልጠፋ እጅህን በመስኮት አስገብተህ ሰው ወይም መሪ አትያዝ። አንዱ ሲያናግር ሌላው ከጎን ይጠብቅ፤ ሁለት ሰው የተለያየ ትዕዛዝ አይስጥ። አንዱ “ውጪ” ሌላው “ሂጂ” ሲል ሾፌሩ የትኛውንም ቢፈጽም ለሌላው እንቢተኛ ይሆናል። መኪናው ከሄደ ታርጋውን መዝግበህ ሌላ ቀን ያዘው፤ ባለቤቱ የት እንደሚገኝ ታርጋው ይናገራል።

የፌደራሉን መመሪያ በተመለከተ ሁለት ጽሑፎች ይምታታሉ። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2022 ያወጣው መመሪያ መኪናው ራሱ አደጋ ሲሆን መተኮስ የሚፈቀደው ሌላ አማራጭ ከጠፋ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ከመኪናው መንገድ ዞር ማለትንም ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ በግልጽ ይጠቅሳል። አይስ (የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው) እና ቦርደር ፓትሮል (የድንበር ጥበቃው) ግን የሚተዳደሩት በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር መመሪያ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 የታደሰው ይህ መመሪያ በሾፌር ላይ መተኮስን ይከለክልና “ሕይወት የሚያጠፋ ኃይል ተገቢ ካልሆነ በቀር” ይላል፤ ከመቆጣጠር ውጪ የሆነ መኪና የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ ማሰብንም ያዛል። ዞር በል የሚለው ቃል እንደ ፍትሕ ሚኒስቴሩ በግልጽ አልሰፈረበትም። የከተማ ፖሊስ አዛዦች “በእኛ ቤት ቢሆን ይህ ጥሰት ነው” ሲሉ የአይስ ኃላፊዎች “በእኛ መመሪያ አይደለም” የሚሉት አንዳንዴ ከዚህ ልዩነት ተነሥተው ነው።

ችግሩ አዲስም አይደለም። ፐርፍ የሚባለው የፖሊስ አዛዦች የጥናት ተቋም የድንበር ጥበቃ ወኪሎች ከ2010 እስከ 2012 የተኮሱባቸውን 67 አጋጣሚዎች መርምሮ ነበር። አንዳንድ ወኪሎች ሆን ብለው በመኪና መውጫ ላይ ቆመው ለመተኮስ ምክንያት ፈጥረው ይሆናል ሲል የጻፈው ያኔ ነው።

ሕግ_ቀመስ

ዘብ በጻፉት ላይ አንድ የፍርድ ቤት ነገር ልጨምር። የኃይል አጠቃቀም መለኪያው ከ1989ቱ ግራሃም ጉዳይ ጀምሮ “በቦታው የነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ምን ያደርግ ነበር” የሚለው ነው። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ይህን አጥብበው የተተኮሰበትን ቅጽበት ብቻ ያዩ ነበር። በሜይ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በባርንስ ጉዳይ ይህን አካሄድ ያለ ተቃውሞ ድምፅ ጣለው። ጉዳዩ ቴክሳስ ውስጥ መንቀሳቀስ የጀመረ መኪና በር ላይ ዘሎ ወጥቶ የተኮሰ ፖሊስ ነበር። አሁን ከቅጽበቱ በፊት የሆነውም ይታያል። ፖሊሱ ራሱ የፈጠረው አደጋ ምን ያህል እንደሚመዝንበት ግን ፍርድ ቤቱ አልወሰነም፤ ስለዚህ “ፊት ለፊት ቆመ፣ ጥፋተኛ ነው” ብሎ መደምደም አይቻልም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ ስቴቱ የመመርመርም የመክሰስም ሥልጣን አለው። ግድያ የስቴት ወንጀል ነው፤ ተኳሹ የፌደራል መታወቂያ ስለያዘ ወንጀልነቱ አይቀርም። ነገር ግን መንገዱ ላይ ሁለት መሰናክል አለ።

የመጀመሪያው ከ1890ው ኒግል ጉዳይ የመጣው የፌደራል የበላይነት ከለላ ነው። ወኪሉ የፌደራል ሕግ የሰጠውን ሥራ እየሠራ ከነበረና ያደረገው ነገር ለሥራው አስፈላጊና ተገቢ ከነበረ የስቴት ክስ አይነካውም። ዳኛው የሚያየው እነዚህን ሁለት ነጥቦች ነው። “ሙሉ ከለላ አለው” የሚለው የቴሌቪዥን ወሬ ስሕተት የሚሆነው ሁለተኛው ነጥብ በማስረጃ ሊፈርስ ስለሚችል ነው። ሁለተኛው መሰናክል ጉዳዩ ወደ ፌደራል ፍርድ ቤት መዛወሩ ነው። ይህ ሲሆን ከሳሹ ያው የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ፣ ሕጉም ያው የስቴቱ ሕግ ነው፤ የሚቀየረው ችሎቱ ነው። በስቴት ሕግ የተፈረደበትን ሰው ፕሬዚዳንቱ ይቅር ማለት አይችልም። ክርክሩ ይህን ያህል የሚከረው አንድም ለዚህ ነው።

ከሕጉ ይልቅ የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። ከጃንዋሪ 7ቱ ተኩስ በኋላ የሚኒሶታ የወንጀል ምርመራ ቢሮ (ቢሲኤ) ከኤፍቢአይ ጋር አብሮ ሊመረምር ተስማምቶ ነበር፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የፌደራሉ ወገን ሐሳቡን ቀይሮ ብቻዬን እይዘዋለሁ አለ። በጃንዋሪ 24ቱ ደግሞ የቢሲኤ መርማሪዎች ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ይዘው ሄደው ወደ ቦታው እንዳይገቡ እንደተከለከሉ ኃላፊው በይፋ ተናግረዋል። በዚያው ቀን የፌደራል ዳኛ ማስረጃው እንዳይጠፋ የሚያዝ ጊዜያዊ እገዳ ሰጠ። መሣሪያው፣ ቀለሁ፣ መኪናው፣ የወኪሎቹ ስልክና ቃል ሁሉ በአንድ ወገን እጅ ከሆነ ለዐቃቤ ሕጉ የሚቀረው የሰው ቪዲዮና የአስከሬን ምርመራ ነው።

በፍትሐ ብሔር በኩል መንገዱ ጠባብ ነው። ወኪሉን በግሉ መክሰስ ከ2020 እና ከ2022ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ወዲህ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። የቀረው መንግሥትን መክሰስ ነው፤ ለዚህም መጀመሪያ ኤስ ኤፍ 95 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ የሚጠየቀውን ገንዘብ በቁጥር ጽፎ፣ በ2 ዓመት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ማስገባት ግድ ነው። መሥሪያ ቤቱ 6 ወር አለው። የገንዘቡን ቦታ ባዶ የተወ ሰው አቤቱታው እንዳልቀረበ ሊቆጠርበት ይችላል።

ዘብ

ሕግ_ቀመስ ስለ ማስረጃ ያሉት ትክክል ነው። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት እንዴት መሄድ እንዳለበት ልጻፍ፤ ከዚህ የጎደለው ነገር በኋላ አይሞላም።

የቆሰለውን ማዳን ይቀድማል፤ ደም ማቆም ከቴፕም ከምርመራም በፊት ነው፤ ሐኪም ነኝ የሚል ሰው ሲመጣም ማንነቱን አጣርቶ ማስገባት እንጂ ዝም ብሎ ማባረር አይገባም። ቀጥሎ ሁለት ክልል ይዘረጋል፤ ውስጠኛው ለመርማሪ ብቻ፣ ውጪኛው ለፖሊስና ለአምቡላንስ። በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ የገባውን ሁሉ በስምና በሰዓት ይመዘግባል። የተኮሰው ሰው ለሕዝብ ደኅንነት የሚያስፈልጉ አጫጭር ጥያቄዎች ብቻ ይጠየቃል፤ ወዴት ተኮስክ፣ ስንት ጊዜ፣ የተጎዳ አለ፣ ያመለጠ አለ። ከዚያ ከባልደረቦቹ ይለያል። በሽጉጡ ካርታ (ጥይት መያዣ) የቀረው ጥይት ተቆጥሮ ከወደቀው ቀለህ ጋር ይመሳከራል። ተገዶ የሰጠው ቃል ከ1967ቱ ጋሪቲ ውሳኔ ወዲህ በወንጀል ክስ አይቀርብበትም፤ ስለዚህ የአስተዳደሩ መርማሪና የወንጀሉ መርማሪ የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው፤ ከተቀላቀሉ ክሱ ይበላሻል።

ተኳሹ በመኪና ከቦታው ሄዶ ከሆነ፣ ወይም መኪናዎቹ ከመለካታቸው በፊት ከተነሡ፣ የጥይቱን አቅጣጫ መልሶ መሥራት በጣም ይከብዳል።

ሦስተኛው ጥያቄ። የከተማው ፖሊስ ለአይስ እንዲሠራ አይገደድም፤ ፌደራል መንግሥት የአካባቢ ፖሊስን ማዘዝ እንደማይችል የ1997ቱ ፕሪንትዝ ውሳኔ ዘግቶታል። 287(ጂ) በሚባለው ከአይስ ጋር አብሮ የመሥራት ውል የገቡ ሸሪፎች ግን በፈቃዳቸው ይሠራሉ፤ ሚኒያፖሊስ ከእነሱ አይደለችም። መንገድ መጠበቅ፣ እሳት ማጥፊያ ማሳለፍ፣ ሰው እንዳይረጋገጥ ማድረግ ግን ማንም ይተኩስ ማን የከተማው ሥራ ነው። ከሩቅ ሲታይ አይስን የሚጠብቁ ይመስላል፤ ይህን መልክ አዛዦቹም አይወዱትም። የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ከ2020 በፊት ወደ 900 ገደማ ነበር፣ አሁን ወደ 600 ገደማ ነው፤ በጃንዋሪ የገቡት ወኪሎች ከ2,000 በላይ ነበሩ። በዚህ ቁጥር አንድ መንገድ ላይ መስመር መዘርጋት ማለት ሌላ ሰፈር ያለው የ911 ጥሪ መጠበቅ ማለት ነው።

ጭሱን በተመለከተ፣ ጥሩ አዛዥ መጀመሪያ በተራ የደንብ ልብስ የለበሱትን ያወጣል፤ የራስ ቁርና ጋሻ የያዙት በአቅራቢያ ግን ከዕይታ ውጪ ይቆያሉ። ድንጋይ የወረወረ ሰው ካለ እሱ ተለይቶ ይያዛል። ጭስ በሁሉም ላይ ከተለቀቀ ዝም ብሎ የቆመውና የወረወረው አንድ ወገን ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚለያቸው የለም። የመበተን ትዕዛዝ ከመጨረሻው ረድፍ እንኳ የሚሰማ፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ የተደገመ፣ የተቀረጸ፣ በየት በኩል እንደሚወጣና ስንት ደቂቃ እንዳለ የሚናገር መሆን አለበት። መውጫ በሌለው መንገድ ላይ ጭስ መልቀቅ ሰውን ወደ ራስህ መስመር መግፋት ነው። ነፋሱንም ማየት ያሻል፤ ሕፃን ያለበት ቤት መስኮቱ ክፍት ሊሆን ይችላል። ስፖንጅ ጥይት (ጫፉ ስፖንጅ የሆነ፣ ሰው ለመበተን የሚተኮስ) ጭንቅላትና አንገት ላይ ከተተኮሰ እንደ ገዳይ መሣሪያ ይቆጠራል።

ሌላው_ገጽ

ሁሉም በአንድ በኩል እያዘነበለ ስለሆነ የወኪሎቹን ወገን ልናገር። ወኪሎቹ የሚወጡት በትንንሽ ቡድን ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ በደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ሰው ይከባቸዋል፣ መኪና ከፊትም ከኋላም ይዘጋባቸዋል። የከተማው ፖሊስ “የእኛ ሥራ አይደለም” ብሎ ከራቀ ሕዝቡን ከወኪሎቹ የሚለይ ማንም የለም። ወኪልን በኃይል ማደናቀፍ ደግሞ የፌደራል ወንጀል ነው፤ አካላዊ ንክኪ ካለበት እስከ 8 ዓመት፣ አደገኛ መሣሪያ ከተያዘ እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ መኪናም እንደዚያ ሊቆጠር ይችላል። “አቋቋም አበላሸ” ማለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀላል ነው።

ዘብ

መከበቡ እውነት ነው፤ እኔም አልክድም። ሆኖም ጭምብልና ምልክት የሌለው መኪና ጉዳዩን ያባብሰዋል። ጎረቤት ጭምብል የለበሰ ሰው ሴት ሲጎትት ካየ ወደ 911 ደውሎ “ጠለፋ” ይላል። ፖሊሱ በዚያ ጥሪ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ እዚያ የሚያገኘው ሌላ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው። አዛዦች የሚፈሩት ፖሊስና ወኪል እርስ በርስ የሚተኳኮሱበትን ይህን ቀን ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ቡድኑ ከመውጣቱ በፊት ለከተማው የጥሪ ማዕከል መንገዱንና ሰዓቱን ይንገር፤ የሚነበብ መለያም ይልበስ።

እንግዳ_27

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ በቦታው ቪዲዮ የቀረጸ ሰው ምን ያድርግ? ወኪል ስልኩን ቢጠይቀውስ?

ሕግ_ቀመስ

በሕዝብ ቦታ ቆሞ ሥራውን ሳያደናቅፍ መመልከት መብት እንደሆነ ሚኒሶታን የሚያጠቃልለው 8ኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 ወስኗል፤ መቅረጽን ደግሞ ሌሎች በርካታ ይግባኝ ሰሚዎች በግልጽ አጽድቀዋል። “ራቅ በሉ” ከተባለ እየቀረጹ ወደ ኋላ መራመድ ነው፤ ርቀት በማጉያ ይካካሳል፣ የማደናቀፍ ክስ ግን በቀላሉ አይካካስም። ስልክን ለመፈተሽ ከ2014ቱ ራይሊ ውሳኔ ወዲህ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል። አስቀድመው የጣት አሻራና የፊት መክፈቻውን ያጥፉና በቁጥር ብቻ የሚከፈት ያድርጉት።

ቪዲዮውን በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ልኮ ዋናውን ማጥፋት ትልቁ ስሕተት ነው። መተግበሪያው ያጨቀዋል፣ ሰዓቱንና የመሣሪያውን መረጃም ያራግፈዋል፤ የጥይት ድምፅ የሚቆጠርበት ድምፅም ይበላሻል። ዋናውን ፋይል ሳይቆርጡ፣ ጽሑፍ ሳይለጥፉበት ስልኩ ላይ ይተዉት፤ ቅጂውን በኬብል ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ። ከዚያ ለቢሲኤ ወይም ሚኒያፖሊስ ላለችበት ለሄኔፒን ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ሲሰጡ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ስልክ እንደተቀበለ የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቁ።

ዘብ

የቆሙበትንም ቦታ በዚያው ቀን በወረቀት ይጻፉ፤ የቱ ጥግ፣ ፊትዎ ወዴት። ካሜራው ያላየውን የሚሞላው እሱ ነው።