ወንድሜን ሰርቪስ ክፍል ልከራይለት ወይስ ተቋም ይግባ?

የአዲስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 36 ዓመቱ ነው፣ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ህመም አለበት፣ ካምፓስ እያለ ነው የጀመረው። አሁን ደህና ነው ማለት ይቻላል፣ አማኑኤል ሆስፒታል ይከታተላል መርፌውንም በየወሩ ይወጋል። ችግሩ እማዬ ናት፣ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፣ እሱ ሌሊት ግቢ ውስጥ ሲመላለስ እሷም እንቅልፍ በአይኗ ሳይዞር ይነጋል። እኔ አግብቼ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ነኝ፣ ላምጣው ብል የት ላስተኛው? ዘመድ ሁሉ መቄዶንያ አስገቢው ይለኛል። እሱ ደግሞ ልብሱን ራሱ ያጥባል፣ ሻይ ያፈላል፣ ኳስ ያያል፣ "ጎዳና አልወጣሁ፣ ለምን ትጥሉኛላችሁ?" ሲለኝ አንጀቴ ቁርጥ አለ። እኔ ያሰብኩት ሰፈሬ አካባቢ አንድ ሰርቪስ ክፍል ልከራይለት ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው አለ? ለአከራይ ህመሙን ልንገር ወይስ ዝም ልበል? ሆስፒታልም ያልሆነ የቤተሰብ ቤትም ያልሆነ፣ መሀል ላይ ያለ መኖሪያ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሲስተር ነኝ፦
እህቴ፣ ሳይካትሪ ነርስ ነኝ። መሀል ላይ ያለ ያልሽው እሱ ነው እኛ አገር የጠፋው። ገፈርሳ ማገገሚያ አለ ግን ከአማኑኤል ለሚላኩ ነው፣ ቦታውም ውስን ነው። መቄዶንያን ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም ቤተሰቦቹ ቤት ውስጥ ሲጀምረው ጎዳና ላይ ወድቀው ጠያቂ ላጡ ሰዎች ብሎ ነው፣ ወንድምሽ እናንተ አላችሁለት፣ እኔ እንደሱ ላለ ሰው አልመክርም።

ሌላ አገር ሰውየው የራሱን ክፍል ይዞ ነርስና ሶሻል ወርከር ቤቱ ድረስ ይመጡለታል፣ ኒውዮርክ ላይ በ1992 እ.ኤ.አ የተጀመረው አሰራር መጀመሪያ ቤት ይሰጠዋል ከዛ ነው ስለ ህክምና የሚያወራው። እኛ ጋ ኪራይ የሚከፍል አካል የለም። ቤት ድረስ እየሄዱ ማገዙ ግን እዚሁም ይሰራል፣ ሶዶ ወረዳ ቡታጅራ አካባቢ ጤና ባለሙያ ያልሆኑ የሰፈር ሰዎች ሰልጥነው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው እየሄዱ ሲያግዙ፣ መድኃኒት እንዳያቋርጡ፣ ወደ ስራና ወደ ሰው እንዲመለሱ ሲረዱ ነበር፣ በ2022 እ.ኤ.አ የወጣው ውጤት መድኃኒት ብቻ ካገኙት የተሻለ ኑሯቸውን መምራት እንደቻሉ ነው ያሳየው። ስለዚህ ክፍሉ ብቻውን መፍትሄ አይሆንሽም፣ ማን በየስንት ቀኑ በሩን ያንኳኳል የሚለውን ቀድመሽ ጨርሺ። ሌሊት የሚመላለሰውንም ለሐኪሙ ንገሪው፣ አንዳንዴ ከመድኃኒቱ የሚመጣ የእግር እረፍት ማጣት ስለሆነ መጠኑ ይስተካከላል ወይ ይቀየራል። እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ ካለው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሽው ሂጂ።

ጀሞ ነኝ፦
እኛ አድርገነዋል፣ ለታላቅ ወንድሜ። በደላላ አይደለም ያገኘነው፣ የእድራችን አባል የሆኑ አንዲት እናት ጋ ነው፣ እና እኔ በግልፅ ነው የነገርኳቸው፣ እትዬ ወንድሜ የአእምሮ ህመም አለበት ግን ይታከማል፣ ሲከፋው ዝም ነው የሚለው ሰው አይነካም፣ ይሄ ስልኬ ነው በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ አልኳቸው። ከሳቸው በፊት ሌሎች ሁለት አከራዮች እምቢ ብለውናል አልዋሽሽም ግን ተደብቆ ገብቶ አንድ ቀን ህመሙ ሲነሳበት እቃው ውጭ ከሚጣል ይሄ ይሻላል ብዬ ነው። ምሳ እሳቸው ጋ ይበላል እኛ በወር እንከፍላቸዋለን፣ የክፍሉ ቁልፍ ኮፒ እኔ ጋ አለ እሱም ያውቃል፣ የወር ብር አንዴ አንሰጠውም በየሳምንቱ ነው ምክንያቱም አንዴ ከተሰጠው ወይ ያበድረዋል ወይ ጫት ይሆናል፣ ጫት ደግሞ ለሱ መርዝ ነው። መብራቱ እስከ ንጋት ከበራ እትዬ ይደውላሉ፣ ብዙ ጊዜ ሳይብስበት ደርሰንለታል በዚህ።

ውሉን ደግሞ በፅሁፍ አድርጊና ወረዳ አስመዝግቢ፣ በአዲሱ የኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት አያንስም ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር መብለጥ የለበትም፣ 6 ወር ቅድሚያ የሚሉሽን እሺ አትበያቸው።

ትዕግስት፦
እንጦጦ ፀበል ውሰጂው እህቴ፣ እኔ ዘመዴ ድኗል።

ሲስተር ነኝ፦
@ትዕግስት ፀበሉን ማንም አይከለክልም፣ እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ፣ "ፀበል ከጀመርክ ኪኒኑን ተው" ተብለው መድኃኒት ጥለው ብሶባቸው የሚመጡ ሰዎችን ዋርድ ላይ ሁሌ ነው የምንቀበለው።

ተስፋ አለ፦
እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ፣ ለብቻዬ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ስራም አለኝ። ሁላችሁም ስለሱ ነው የምታወሩት፣ እሱስ ምን አለ? ክፍሉን ተከራይተሽ ጨርሰሽ ና ግባ አትበይው፣ ይዘሽው ዙሪ፣ እሱ ይምረጥ። ለአከራይ ምን እንደሚነገርም እሱ ይወስን፣ ህመሙ የሱ ነው። እኔ ለአከራዬ አልነገርኩም፣ ሁለት የማምናቸው ጎረቤቶች ግን ያውቃሉ፣ በዚህ ከ@ጀሞ ነኝ ጋር አልስማማም።

ሌላው ስትደውዪ የመጀመሪያው ጥያቄሽ "ኪኒንህን ዋጥክ?" እንዳይሆን። እናቴ እንደዛ ስትለኝ ስልክ ማንሳት ያስጠላኝ ነበር። ኳሱን ማን አገባ በይው፣ ልጆቹ እንዴት ዋሉ አውሪው፣ ኪኒኑ በኋላ ይደርሳል። ከባዱ ነገር ቀኑ አለማለቁ ነው፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ያሳምማል፣ ጠዋት የሚሄድበት ነገር ፈልጉለት፣ የሱቅ እቃ መደርደርም ቢሆን። አዲስ አበባ ውስጥ ታካሚዎች ራሳችን ያቋቋምነው የአእምሮ ጤና ተጠቃሚዎች ማህበር አለ፣ ክትትል የሚያደርግበት ክሊኒክ ጠይቂ ያገናኙሻል።

የአዲስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። @ተስፋ አለ ያልከውን ዛሬውኑ አነጋገርኩት፣ "ፎቅ ላይ አልፈልግም፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ ይሁን፣ እማዬን በእግሬ ሄጄ የምጠይቅበት ይሁን" አለኝ። ስለዚህ እኔ ሰፈር መሆኑ ቀርቶ እማዬ ሰፈር ልንፈልግ ነው፣ እሁድ አብረን እንዞራለን፣ ለአከራይ የሚነገረውንም እሱ ያስብበታል። @ጀሞ ነኝ፣ የምሳውን ነገር ከእትዬ ጋር ስትስማሙ የፆሙን እንዴት አደረጋችሁ? ወንድሜ ኪኒኑን ያለ ምግብ ከወሰደ ያስመልሰዋል፣ እማዬ ደግሞ በፆም ጠዋት ማብላት አይሆንላትም።