የአጋም ዘር ለምን አልበቅል አለ? (ኮምቦልቻ፣ የማሳ አጥር)

ቦርከና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሐረጎ ግርጌ ኮምቦልቻ በኩል 100 ሜትር የሚሆን የማሳ ዳር በአጋም ለማጠር ታስቦ ነበር። ፍሬው ተለቅሞ ሳምንት ፀሐይ ላይ ደረቀ፣ ሁለት ወር ጆንያ ውስጥ ቆይቶ መደብ ላይ ተዘራ። ከ200 ዘር የበቀለው 6 ብቻ! ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልስ? አንዳንዱ ደግሞ «የወፍ ቆሎ ትከል፣ ቶሎ ይደርሳል» ይላል።

የመደብ ሰው፦
ጥፋቱ ፀሐዩና ጆንያው ነው፣ ወንድሜ። የአጋም ዘር እንደ ግራር ዘር ደርቆ አይጠብቅህም። ጠቁሮ ጣት ሲነካው የሚለሰልሰውን ብቻ ልቀም፤ ቀዩን ለጊዜው ተወው። በዚያው ቀን ባልዲ ውስጥ እሸውና ሥጋውና ነጩ ሙጫ እስኪለቅ ሦስት አራቴ ውኃ ቀይር። ሥጋው ያልለቀቀ ዘር ይሻግታል፤ ጣፋጭ ስለሆነም ጉንዳን ይጠራብሃል። የተንሳፈፈውን ድፋ። የሰመጠውን ጥላ ላይ አንድ ሌሊት አንጠፍጥፈህ በማግስቱ ዝራ።

የፖቱ (የችግኝ ላስቲኩ) አፈር፦ አፈር 3 እጅ፣ ብስባሽ 2፣ አሸዋ 1። ዘሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበር። ሣር አልብሰህ ጠዋትና ማታ አጠጣ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ያኔ ሣሩን ወዲያው አንሣ፤ ከዘገየህ ግንዱ ቀጥኖ ይወድቃል።

ቅርንጫፉ ሥር ለማውጣት ያስቸግራል። ከእናቱ ሥር የበቀለ ቡቃያ ካገኘህ ግን ከነሥሩ ቆርጠህ ብትተክለው ይይዛል።

ከጦሳ ሥር፦
የወፍ ቆሎ የሚሉህን አትስማ። መነሻው ከላቲን አሜሪካ ነው። ለአጥር ትተክለዋለህ፣ ወፍ ፍሬውን በልታ ግጦሹ ላይ ትበትነዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ስትነቅል መኖር ነው። ቅጠሉን የበላ ከብት ጉበቱ ይታመማል፣ ቆዳውም ፀሐይ ሲያገኘው ይቆስላል።

አጋም ያገራችን ነው። ክትክታ፣ እምቧጮ፣ አጣጥና ወይራ ባሉበት ደረቅ ቁጥቋጦና ድንጋያማ ዳገት ላይ ይገኛል፤ ማሳህ ዳር ክትክታ ካለ አትጠራጠር። ውኃ የሚተኛበትን ግን አይወድም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትመቸዋለች። ደሴ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ለአጋም የከፍታው ዳርቻ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ያቃጥለዋል። ለደሴ ሰው የምመክረው ቀጋን ነው።

ቦርከና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጎፍ ተራራ በኩል ካለው ቁጥቋጦ ፍሬ ብለቅምስ? አበባው ነጭ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ እሾህ የሌለውም አለ፤ ለመልቀም እሱ ይቀላል።

የመደብ ሰው፦
እሾህ የሌለውን እንዳትነካ! መረንዝ ሳይሆን አይቀርም። ከአጋም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፦ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፣ አበባውም ነጭና ሽታው ያው ነው። ልዩነቱን እንዲህ ያዝ፦ የአጋም አበባ ዘለላ ጫፍ ላይ ነው፤ የመረንዝ ግን ቅጠሉ ከግንድ በሚጋጠምበት ብብት ውስጥ ይታጨቃል። የመረንዝ ፍሬ ደግሞ ከአጋም ይተልቃል። ልብ የሚያቆም መርዝ አለው፤ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ለቀስት የሚቀባው እሱ ነው። ልጆች ለቀማ ሲወጡ «እሾህ ከሌለው አትብላ» ማለት ይበቃል።

ከጦሳ ሥር፦
ልክ ነው። አሁን ወደ አጥሩ። ሁለት ረድፍ፣ በረድፎቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር፣ በችግኞቹ መካከል 50፤ ፊት ለፊት ሳይሆን አቀያይረህ ትከል። ለ100 ሜትር 400 ችግኝ ይገባል፤ ለመተኪያ 80 ጨምር። ጉድጓዱ 30 በ30። ዝናቡ ሲያጠግብ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትከል። በበልግ ከተከልክ ግንቦትና ሰኔ ላይ ውኃ ማመላለስ አለብህ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫፉን ለመቁረጥ ሲሳሳ ነው። ችግኙ ጉልበት ሲደርስ ግማሹን ቁረጠው፤ ካልቆረጥከው ላዩ ይዘረጋና ሥሩ ክፍት ይሆናል፣ በግ በዚያ ይሾልካል። ክፍተቱን በቁልቋል ልሙላ እንዳትል፤ «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚባለው እኮ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር እሾኹ እየወጋው ነው። አጥሩን ስትከረክም ደግሞ የቁልቋሉ ወተት ዓይንህ ውስጥ ይገባል።

ፍየልን ሁለት ዓመት ከልክል። ለጋው እሾህ ገና ስላልጠነከረ ትግጠዋለች።