«ነጥብህ ልክህ ነው» የተባለው ነገር

ጋራዥ አዘዞ፦
ትናንት ማታ እዚህ የተጻፈው አንጀቴን አሳርሮኛል። ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ነው። የአሜሪካ ጦር ልቀጠር ብሎ አስቫብ የሚሉትን ፈተና ወሰደ። 38 አመጣ። መግቢያው 31 ስለሆነ አልፏል። የመኪና ጥገና ስጡኝ ሲል ግን ነጥብህ አይበቃም አሉት። ወጥ ቤት ክፍት ነው ተባለ። ይህን ሳወራ ጃንተከል «ነጥብህ ልክህ ነው፣ ይቀበል» አለኝ። ይህ ልጅ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ እኔ ጋራዥ ነው ያደገው። የአይሱዙ ካምቢዮ ብቻውን አውርዶ ይገጥማል። ልኩን የማውቀው እኔ ነኝ!

ጃንተከል፦
ወንድሜ፣ ልጁን አልሰደብኩም። ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው። ደግሞ ስለ መኪናና ስለ ጋራዥ ሥራ ብቻ የሚጠይቅ ክፍል አለው። ባለሙያ ከሆነ እዚያ ላይ ለምን አልመለሰም?

ጋራዥ አዘዞ፦
ለምን እንዳልመለሰ ልንገርህ፣ ደውዬ ጠይቄዋለሁ። የመሣሪያ ስም እየጠራ ምን ይሠራል ይላል፣ በእንግሊዝኛ። እኛ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ሞርሳ ነው የምንለው። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ስም ነው፣ በዚያው ቀረን። ልጁ ስንት ዓመት ሙሉ ሞርሳ ላይ ብረት እያሰረ ሞርዷል። ሞርሳ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ግን የነገረው የለም። እኔም አላውቀውም። «አጎቴ፣ ጥያቄው የሞርሳ መሆኑን ያወቅሁት ከወጣሁ በኋላ ነው» አለኝ። እህቴ ይህን ሰምታ አለቀሰች።

መምህር ማራኪ፦
እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል። ያ 38 የሚሰላው ከአራት ክፍሎች ነው። አንዱ የቃላት ፍቺ፣ አንዱ ንባብ ነው። ሁለቱ ሒሳብ ናቸው። ከእነሱም አንዱ ረጅም ዓረፍተ ነገር አንብበህ ምን እንደተጠየቅህ ካልገባህ የማትሠራው ነው። 38 ማለት ደግሞ ከመቶ 38 መለሰ ማለት አይደለም። በፈረንጆቹ 1997 ላይ ከተፈተኑ የአሜሪካ ወጣቶች ጋር ተነጻጽሮ ከመቶው 38ቱን ያህል ደርሷል ወይም በልጧል ማለት ነው። እዚያ ተወልደው በቋንቋቸው ከተማሩት ጋር ማለት ነው! ጃንተከል፣ ይህን የልጁ ልክ ነው ስትል አዝኛለሁ።

ወለተ ጎንደር፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን አልስማማም። እኔ ነርስ ነኝ። የመድኃኒት መጠን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ልቤ ጥሩ ነው፣ እጄ ፈጣን ነው ብዬ ያላነበብኩትን ብወጋ ሰው እገድላለሁ። የጦር መኪናም እንዲሁ ነው። የጥገና መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። ብሎኑ ስንት ይጥበቅ የሚለውን ያላነበበ ልጅ ፍሬን ቢገጥም ማን ይሳፈርበታል?

ጃንተከል፦
እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ። ይህን ነው ያልኩት።

ጋራዥ አዘዞ፦
አላልክም! አንተ ያልከው «ልክህ ነው» ነው። እሷ የምትለው «መጀመሪያ ያንብብ» ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ዲሲ ያለሁ የፒያሳ ልጅ፦
ወንድሞቼ፣ እኔ አገልግዬ የወጣሁ ነኝ። ሁለት ነጥብ አታቀላቅሉ። 38ቱ በር መግቢያ ነው። ሥራ የሚወስነው ሌላ ነው፣ የዘርፍ ነጥብ ይባላል። ለጥገና፣ ለኤሌክትሮኒክስ፣ ለጽሕፈት፣ ለውጊያ ለየብቻ ይሰላል። ጂቲ የሚሉትም አለ፣ ከቃላት፣ ከንባብና ከዚያ ከዓረፍተ ነገሩ ሒሳብ የሚመጣ። ጂቲው 110 የሆነ ሰው ብዙ በር ይከፈትለታል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ደግሞ የመግቢያ ነጥቡ 99 ቢሆንም የምሥጢር ፈቃድ የሚጠይቀውን ሥራ አያገኝም፣ ዜጋ መሆን አለበት። ስለዚህ ነጥብ ብቻ አይደለም ጉዳዩ።
አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆቹ 1966 ላይ ማክናማራ የመከላከያ ሚኒስትር ሳለ መስፈርቱን ዝቅ አድርገው ከ300 ሺህ በላይ ሰው አስገቡ። ብዙዎቹ ቬትናም ገቡ። ያ ታሪክ ዛሬም ያሳፍራቸዋል። መስፈርት በከንቱ አልመጣም።

መምህር ማራኪ፦
እሺ፣ መስፈርት ይኑር። «ልክ» ግን የማይለወጥ ነገር ነው። እዚያው አገር፣ በፈረንጆቹ 2022 ላይ፣ ፎርት ጃክሰን የሚባል የጦር ሰፈር ውስጥ ከ21 እስከ 30 ያመጡትን ተቀብለው የሚያስተምሩበት ክፍል ከፍተዋል። በጥቂት ሳምንት ነጥባቸውን አሻሽለው መደበኛ ሥልጠና የገቡ ብዙ ናቸው። በሳምንታት የሚለወጥ ነገር እንዴት የሰው ልክ ይሆናል?

ጃንተከል፦
መምህር፣ አሻሽለው ገቡ አሉ እኮ። ማለትም ነጥቡ ሳይመጣ አልገቡም።

የቀበሌው ጎረምሳ፦
ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ውጤት አስታውሱ። 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ጃንተከል፣ የቀሩት ሁሉ ልካቸው ያ ነው? እኔ ከነሱ አንዱ ነኝ።

ጃንተከል፦
ያ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ የትምህርቱም ጥፋት አለበት።

የቀበሌው ጎረምሳ፦
እንዴት ሌላ ሆነ? እኔ ላይ ሲሆን የትምህርቱ ጥፋት፣ አዘዞ ልጅ ላይ ሲሆን ልክ?

ወለተ ጎንደር፦
እዚህ ላይ ጎረምሳው እውነቱን ነው። እኔም ጤና የገባሁት ነጥቤ ወደዚያ ስለመራኝ እንጂ ሕግ ነበር የምወደው። ዛሬ ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ያኔ ልክሽ ይህ ነው ያለኝ ሰው ቃሉ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ጃንተከል፦
በ44ቱ ታቦት፣ ሁላችሁም አንዲት ቃል ይዛችሁ ቀራችሁ! ልጁ ሥራ አግኝቷል ነው ያልኩት። ደመወዝ አለው፣ ሕክምና አለው፣ ዜግነትም ቶሎ ያገኛል። ወጥ ቤት ምን ነውር አለው? የእኔ አባት የጦር ሠራዊት ወጥ ቤት ሠርቶ ነው ስድስት ልጅ ያሳደገው።

ጋራዥ አዘዞ፦
አባትህን አከብራለሁ። ወጥ ቤት ነውር ነው አላልኩም። ልጁ አልመረጠውም ነው ያልኩት። ሰኞ ሊፈርም ነው። የፒያሳ ልጅ፣ ምን ልበለው?

ዲሲ ያለሁ የፒያሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ ያልፈለገውን አይፈርም። ሪክሩተሩ፣ ማለትም መልማዩ፣ «ግባና በኋላ ትቀይራለህ» ካለው በቃል የተባለው አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ውሉ ላይ የተጻፈው ነው። ፈተናውን ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ መውሰድ ይችላል። ሁለተኛው ካልሆነ ሌላ አንድ ወር ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ግን ስድስት ወር ነው፣ ስለዚህ ሳይዘጋጅ አይቀመጥ።

ወለተ ጎንደር፦
የቤት ኪራይ በዚያ መሃል ማን ይከፍልለታል? ገብቶም ነጥብ የሚያሻሽልበት ትምህርት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ዲሲ ያለሁ የፒያሳ ልጅ፦
አለ፣ እህቴ። ግን የተመደበበት የጦር ክፍል ካልለቀቀው ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። እኔ ጠብቄያለሁ።

ጋራዥ አዘዞ፦
አይፈርምም። ኪራዩን እኔ እልካለሁ። ዛሬ የጋራዡን መሣሪያ አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ እዚህ አስቀምጣለሁ። መምህር፣ እባክዎ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ስሙን ይጻፉልኝ።

መምህር ማራኪ፦
በደስታ። የማላውቀውንም ጠይቄ እጽፋለሁ።

ጃንተከል፦
ሞርሳው ቫይስ ይባላል። ክሪኩ ጃክ ነው። ካቻቢቴው ስክሩድራይቨር። ሌላውን ላክ፣ እጽፍልሃለሁ። ያልኩትን ቃል ግን አላነሳም።

ጋራዥ አዘዞ፦
ስሞቹን እቀበላለሁ። ቃሉን አንሳ።